ወርቁ ደበዘዘ ማለት ውሃው ተመርዟል ማለት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
አዘጋጅ፦ በጡረታ ላይ የሚገኙ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ከቱሉ ዲምቱ

ጥያቄ፦ መምህርት፣ እንደምን ሰነበቱ? ከአቃቂ ድልድይ ወረድ ብሎ ከአባቴ በወረስኳት ቁራሽ መሬት ላይ፣ በወንዙ ውሃ እያጠጣሁ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አመርታለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ለፋሲካ መጥቶ፣ «በጨረር ሲያዩት ቀይ ብርሃን የሚሰጥ የወርቅ ፈሳሽ አለ፤ ሜርኩሪ ያለበት ውሃ ጠብ ሲደረግበት ብርሃኑ ይጠፋል» አለኝ። ገበያ ላይ «የአቃቂ ነው?» ብለው ጎመኔን አንስተው መልሰው የሚያስቀምጡ ደንበኞች በዝተውብኛል። ይህን ፈሳሽ በአንድ ጠርሙስ ባገኝ ውሃዬን ራሴ መርምሬ እውነቱን ማወቅ እችላለሁ? (አትክልት አምራች፣ ከአቃቂ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁ የነገረዎት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲንጋፖር ያሉ ተመራማሪዎች ከከብት ደም የሚገኘውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ከወርቅ ጨው ጋር ቀላቀሉ፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨመሩበት፤ ከዚያም በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም በጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት፣ ለ12 ሰዓት ያህል አቆዩት። የወጣው ፈሳሽ በቀን ሲታይ ቡናማ ነው፤ ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። አልትራቫዮሌት የተባለው ለዓይን የማይታይ ጨረር ሲበራበት ግን ደማቅ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ፕሮቲኑ በሆዱ 25 ያህል የወርቅ አቶሞችን አጅቦ ይዟል። እንዲህ ያለው የአቶሞች እጅብ ናኖክላስተር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ተመራማሪዎች በእንቁላል ነጭም ተመሳሳይ ነገር ሠርተዋል።

ሜርኩሪ ሲገባ ብርሃኑ የሚጠፋበት ምክንያትም ይታወቃል። በእጅቡ ገጽ ላይ አንድ አንድ ኤሌክትሮን የጎደላቸው የወርቅ አቶሞች አሉ። የእነዚህ አቶሞችና የሜርኩሪ አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው የሜርኩሪ አቶም) የውጭ ኤሌክትሮኖች አደረጃጀት አንድ ዓይነት ስለሆነ አጥብቀው ይሳሳባሉ። ሜርኩሪው ከተጠጋ በኋላ ወርቁ በብርሃን ሊለቀው የነበረው ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ሥራ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 0.1 ማይክሮግራም ያህል ሜርኩሪ እንኳ በዚህ መንገድ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የኢንኦርጋኒክ ሜርኩሪ ጣሪያ በሊትር 6 ማይክሮግራም ነው። እንግዲህ ወርቁ ከሚፈለገው በላይ ያያል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከሜርኩሪ ውጭ ያለውንም ነገር ሁሉ ያያል።

ፈሳሹን ይዘን ወደ ማሳዎ እንውረድ። ክረምት ነው እንበል፤ ወንዙ ደፍርሷል። ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ከወርቁ ፈሳሽ ጠብ አደረጉበት፤ መብራቱን አበሩ፤ ቀዩ ደበዘዘ። ሜርኩሪ ተገኘ? ደለሉ ጨረሩን ጋርዶት ሊሆን ይችላል። በጨርቅ አጥልለው ቢያጠሩትም ከበሰበሰ ቅጠል የሚሟሟው ቢጫ ነገር አልትራቫዮሌቱን ይውጠዋል፤ ወርቁ ጋ የሚደርሰው ጨረር ሲያንስ ብርሃኑም ያንሳል። መዳብም ብዙዎቹን የወርቅ እጅቦች ያደበዝዛል። የውሃው አሲድነት ሲለወጥ ፕሮቲኑ ይፈታል ወይም ይኮማተራል፤ ብርሃኑም አብሮ ይለወጣል። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ማለዳ የለኩትና ቀትር ላይ የለኩት ያው ውሃ ሁለት ዓይነት ንባብ ሊሰጥዎ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ተቃራኒው ነው። በበጋ ውሃው ሲተኛ አረንጓዴ አልጌ ይይዘዋል። በአልጌው ውስጥ ያለው ክሎሮፊል በአልትራቫዮሌት ሲታይ ራሱ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ቀይነቱም ከወርቁ ቀይ ብዙም አይርቅም። ያኔ ሜርኩሪ ያጠፋውን ብርሃን አልጌው ይተካዋል። እርስዎ «ቀይ ነው፤ ደህና ነው» ብለው ለልጆችዎ ጎመኑን ይቀነጥሳሉ። ከላይ በኩል ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ካሉ ደግሞ በዱቄት ሳሙና ውስጥ ነጭ ልብስን ይበልጥ ነጭ ለማስመሰል የሚጨመር፣ ሰማያዊ የሚያበራ ቅመም አለ፤ እሱም ይደባለቅበታል።

በላቦራቶሪ ለዚህ ሁሉ መላ አለው። ባለሙያዎቹ ንጹሑን ውሃ ከናሙናው ጎን ለጎን ይለካሉ። በዚያው በወንዙ ውሃ ላይ የታወቀ መጠን ያለው ሜርኩሪ ጨምረው ብርሃኑ በሚጠበቀው ልክ መቀነሱን ያረጋግጣሉ። መዳብን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል ጨምረው የጠፋው ብርሃን ተመልሶ እንደሆነ ያያሉ። ሌሎች ደግሞ ከወርቁ ጋር ሜርኩሪ የማይነካው ሰማያዊ ቀለም ያኖራሉ፤ ከዚያ የቀዩን ብቻ ሳይሆን የቀዩንና የሰማያዊውን ንጽጽር ያነባሉ። ደለል ሁለቱንም ያደክማል፤ ሜርኩሪ ግን ቀዩን ብቻ። ብልህ ዘዴ ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሆኖም ከላይ ልብስ የሚያጥቡት ሰዎች ሳሙና ሰማያዊውን ያበዛዋልና በእርስዎ ወንዝ ላይ እሱም ሳይፈተን አይታመንም።

ስለዚህ ጠርሙሱን ቢያገኙም በእሱ ብቻ አይፍረዱ፤ አይሽጡበት፤ ማሳዎንም አይጣሉበት። ሌላም ላክልልዎ፤ በአቃቂ ወንዝ ከሜርኩሪ ይልቅ ቀድሞ የሚያሳስበኝ ክሮሚየም ነው፤ ቆዳ ማልፊያ ፋብሪካዎች በክሮሚየም ጨው ይሠራሉና። ሜርኩሪን ለመለየት የተዘጋጀ የወርቅ እጅብ ስለ ክሮሚየም፣ ስለ ካድሚየምና ስለ እርሳስ ምንም ሳይነግርዎ ሊቀር ይችላል። በአቃቂ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ባለፉት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋልና ደንበኞችዎ መስጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የምመክርዎ ይህ ነው። ከጎረቤት አምራቾች ጋር ገንዘብ አዋጡና ሦስት ነገር አስመርምሩ፤ ውሃውን፣ አፈሩንና ቅጠሉን። ቅጠሉ ዋናው ነው፤ ሰው የሚበላው እሱን ነውና። የውሃውን ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ይቀበሉ፤ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይውሰዱ። ለብረት ምርመራ የሚቀዳ ውሃ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ እንዳይጣበቅ አሲድ ይጨመርበታል፤ ሜርኩሪ ደግሞ የራሱ አያያዝ አለው። ውጤቱ እስኪመጣ ከቅጠላ ቅጠሉ ይልቅ ፍሬ የሚበላላቸውን፣ እንደ ቲማቲምና ቃሪያ ያሉትን መትከል ይሻላል፤ በአብዛኛው ቅጠል ከፍሬ የበለጠ ብረት ያከማቻል። ጎመኑን በደንብ ማጠብ ላዩ ላይ ያለውን አፈርና ደለል ያነሳል፤ ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ግን ማጠብም መቀቀልም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወርቅ ያንጸባርቃል እንጂ ከራሱ ብርሃን ያመነጫል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የእናቴ ቀለበት በአልትራቫዮሌት አያበራም። ወርቅ ሲያንስ ለምን ጠባዩን ይለውጣል? ብርሃኑስ ለምን በትንሽ በትልቁ ይለዋወጣል? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ ጠመኔ ይናፍቀኛል።

የእናትሽ ቀለበት በጥቂቱም ቢሆን ያበራል። በ1969 ሙራዲያን የተባለ ተመራማሪ ከወርቅና ከመዳብ የሚወጣ ብርሃን ለክቷል፤ ወርቁ ከሚውጠው ከዐሥር ቢሊዮን የብርሃን ቅንጣት አንዱን ያህል ብቻ መልሶ የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ። ሰው በዓይኑ ሊያየው አይችልም። በቀለበቱ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው አቶሞች ስላሉ የኤሌክትሮኖቹ የኃይል ደረጃዎች ክፍተት እስኪጠፋ ድረስ ተጠጋግተዋል። ከፍ ያለ ኤሌክትሮን በእነዚያ ደረጃዎች በኩል ወዲያውኑ ይወርዳል፤ ኃይሉም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አቶሞቹ ሃያ፣ ሠላሳ፣ መቶ ብቻ ሲሆኑ ግን ደረጃዎቹ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ባዶ ክፍተት ይፈጠራል። ኤሌክትሮኑ ክፍተቱን ሲሻገር የሚለቀው ኃይል ብርሃን ሆኖ የመውጣት ዕድል ያገኛል። ቅድም ለአቃቂው አምራች የጠቀስኩት እጅብ ከሚውጠው መቶ የብርሃን ቅንጣት ስድስት ያህሉን በብርሃን ይመልሳል። ከዐሥር ቢሊዮን አንድ የነበረው ከመቶ ስድስት ሆነ! ንጥረ ነገሩ ያው ወርቅ ነው።

ሁለት ነገሮችን አታደባልቂ። ዐሥርና ሃያ ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ስፋት ያላቸው የወርቅ ደቃቆች በውሃ ውስጥ እንደ ተበተኑ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ ማይክል ፋራዴይ በ1857 በለንደን ያሳየው ይህንን ነበር። እነዚያ ቀይ የሚሆኑት ብርሃንን እየመረጡ ስለሚውጡና ስለሚበትኑ ነው። ናኖክላስተር ከሁለት ናኖሜትር በታች ነው፤ ጠባዩም ከብረት ይልቅ ለሞለኪውል ይቀርባል። እንደ ሞለኪውል መዋቅሩ አቶም በአቶም ይታወቃል። የስታንፎርዱ ሮጀር ኮርንበርግ ቡድን በ2007 ባለ 102 አቶሙን የወርቅ እጅብ በኤክስሬይ ፈታው። በቀጣዩ ዓመት ባለ 25 አቶሙ ተፈታ፤ መካከሉ ላይ 13 የወርቅ አቶሞች አሉ፤ በዙሪያቸው ሁለት ሁለት ወርቅ የያዙ ስድስት የድኝና የወርቅ ሰንሰለቶች ተጠምጥመዋል። ስድስት ጊዜ ሁለት 12፣ ከ13 ጋር 25። ደብተርሽ ላይ ሳዪው፤ ሥዕሉ ራሱ ብዙ ያስተምርሻል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ እንሂድ። ብርሃኑ የሚለዋወጠው በአብዛኛው በዚያ በድኝ ልባስ ምክንያት ነው። በ2012 ሲንጋፖር ውስጥ የተሠራ አንድ ሙከራ በጣም ደስ ይለኛል። ግሉታታዮን የተባለችው ትንሽ ሞለኪውል፣ በእኔና በአንቺ ሕዋስ ውስጥም ያለችው፣ በድኟ በኩል ከወርቅ ጋር ተያይዛ በውሃ ሟሙታለች። ውሃው ውስጥ ብርሃን የላትም ማለት ይቻላል። አልኮል እየጨመሩ ሲሄዱ ሞለኪውሎቹ ከመሟሟት ይልቅ እርስ በርስ ይከማቻሉ፤ ያኔ ያበራሉ። ለምን መሰለሽ? ልባሱ በነጻነት ሲወዛወዝና ሲሽከረከር የተቀበለውን ኃይል በእንቅስቃሴ ይጨርሰዋል። ሲከማች ግን ሰው የታጨቀበት የሱሉልታ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለ ተሳፋሪ ይሆናል፤ ክንዱን ማንሳት አይችልም። በእንቅስቃሴ መውጫ ያጣው ኃይል በብርሃን ይወጣል። የወርቅ አቶሞቹም ሲቀራረቡ እርስ በርስ መሳሳባቸው ይህን ያጠናክረዋል። ቤን ዦንግ ታንግ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ2001 ተመሳሳይ ጠባይ በካርቦን ሞለኪውሎች ላይ አይቶ ስለ ነበር መንገዱ ተጠርጎ ነበር።

ከዚህ በመነሳት ሌላውን ራስሽ ልትደርሺበት ትችያለሽ። ሲቀዘቅዝ እንቅስቃሴው ስለሚቀንስ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ይደምቃል። አሲድ የልባሱን ኤሌክትሪካዊ ሙሌት ስለሚለውጥ ሞለኪውሎቹ ይሰበሰባሉ ወይም ይበተናሉ። ሲፈጩ ክሪስታሉ ይፈርሳል፤ አቶሞቹም ርቀታቸውን ይለውጣሉ፤ በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ የመዳብና የአዮዲን እጅብ በሙቀጫ ሲደቆስ የብርሃኑ ቀለም እንደሚለወጥ ታይቷል። በ2017 ደግሞ ቻይና የሚገኘው የዤንግዡ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 የብር አቶሞች ያሉትን እጅብ (ማዕድኑን ብር ማለቴ ነው) ከሌላው እጅብ ጋር በድልድይ አገናኝተው ወንፊት መሰል ክሪስታል ሠሩ። ለብቻው ሲሆን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈርስ የነበረው እጅብ ከዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ፤ በቀዳዳዎቹ ኦክስጅን ሲገባ ብርሃኑ ይጠፋል፤ ሲወጣ ይመለሳል። እኔ ከሁሉ ይልቅ የምደነቀው በዚህ በመጽናቱ ነው። የሚያበራ ነገር ብዙ ነው፤ እስከ ነገ የሚቆይ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። የውሃ ማጣሪያ የሚሸጡ ወጣቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ የቧንቧ፣ ሌላው የእነሱ ማጣሪያ ውሃ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዘንግ ሲያስገቡበት የቧንቧው ውሃ ጥቁር ቡናማ ይሆናል፤ የእነሱ ጥርት ብሎ ይቀራል። ባለቤቴ ደነገጠች። እውነት ይህን ነው ስንጠጣ የኖርነው? (አባወራ፣ ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ አይደለም። ባለቤትዎን ያረጋጉልኝ። ያ ቡናማ ነገር ከዘንጉ የወጣ ብረት ነው፤ በአጭሩ ዝገት። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ለጤና የማይጎዱ የካልሲየም፣ የማግኒዥየምና የሶዲየም ጨዎች ስላሉ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የብረት ዘንጉ ይሟሟል። በእነሱ ውሃ ውስጥ ጨው ስለሌለ ኤሌክትሪኩ አያልፍም፤ ዘንጉም አይሟሟም። ዳግም ሲመጡ በትሕትና አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ በእነሱ ንጹሕ ውሃ ላይ ከወጥ ቤት ቁንጥር ጨው ይጨምሩና ዘንጉን ያስገቡት። እሱም ይጠቁራል። አንዳንድ ሻጮች የሚይዟት እስክሪብቶ የመሰለች መለኪያም ይህንኑ የጨው ብዛት ነው የምትለካው፤ ስለ ሜርኩሪም፣ ስለ እርሳስም፣ ስለ ጀርምም አትናገርም።

እናቶችን እያስፈራሩ መሸጥ ያንገበግበኛል። ማጣሪያ መግዛት ክፉ አይደለም፤ በፍርሃት መግዛት ግን ክፉ ነው። ውሃው የሚያጠራጥርዎ ከሆነ፣ በተለይ በየፈረቃው ተቋርጦ ሲመጣና ታንከሩ ሳይታጠብ ሲቆይ፣ የሚያሳስበው ጀርሙ ነው፤ ጀርምን ደግሞ ማፍላት ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሙቀት ሲለወጥ የብርሃናቸው ቀለም የሚለወጥ የመዳብ ናኖክላስተሮች እንዳሉ አነበብኩ። በክትባት ብልቃጥ ላይ ያለው ምልክት በእነዚህ ቢተካ አይሻልም? (ከሰበታ አቅራቢያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ያነበብሽው ትክክል ነው። አራት የመዳብና አራት የአዮዲን አቶሞች ኪዩብ ሠርተው ፒሪዲን ከተባለ ሞለኪውል ጋር ሲያያዙ የሚገኘው እጅብ በአልትራቫዮሌት ሥር በክፍል ሙቀት ቢጫ ያበራል፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ፣ ሰማያዊ ይሆናል። ሲሞቅ ተመልሶ ቢጫ ነው። ለክትባት የማይመቸውም በዚህ በመመለሱ ነው። ብልቃጡ ትናንት በመንገድ ላይ ፀሐይ መትቶት ዛሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ እጅቡ የሚነግርሽ የዛሬውን ብቻ ነው። አንቺ የምትፈልጊው የትናንቱን ነው።

በብልቃጡ ላይ ያለችው ክብ ውስጥ ያለች አራት ማዕዘን፣ ከ1996 ጀምሮ በመጀመሪያ በፖሊዮ ጠብታ ላይ የወጣችው፣ የተሠራችው ሙቀት ባገኘች ቁጥር ሞለኪውሎቿ እየተያያዙ እንዲጠቁሩ ነው፤ ወደ ኋላም አትመለስም። በላይዋ ያለፈው ሙቀት ሁሉ ይደመርባታል። አራት ማዕዘኗ የዙሪያውን ክብ ያህል ከጠቆረች ወይም ከበለጠች ብልቃጡ አይሰጥም፤ ይህን አንቺ ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ። መብራት በሌለበት ጤና ኬላ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ያለ መሣሪያ በዓይን ትነበባለች። እኔ ይህችን ምልክት በሌላ አልለውጣትም።

የማትናገረው አንድ ነገር ብርድ ነው። ከበረዶ ጥቅል ጋር ተጠግቶ የበረደ የፔንታቫለንት (አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት) ብልቃጥ ምልክቱ ነጭ እንደ ሆነ ክትባቱ ይበላሻል። ለዚያ የተማርሽው የመወዝወዝ ፈተና አለሽ፤ ከዚያው ምድብ አንዱን ብልቃጥ ሆን ብሎ አቀዝቅዞ፣ አቅልጦ፣ ከሚጠረጠረው ጎን ወዝውዞ የዝቃጩን ፍጥነት ማነጻጸር። ይህን ፈተና ለማኅበረሰቡ ጤና የምትከፍሉት ትልቅ ዋጋ አድርጌ አየዋለሁ። አንድ ብልቃጥ ሆን ብሎ ማበላሸት ብክነት ይመስላል፤ ማነጻጸሪያ ከሌለ ግን የቀሩት ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃሉ። የመዳብ እጅቦቹን ለሌላ ሥራ እናስብላቸው፤ የአሁኑን ሙቀት ሽቦ ሳይገባ በብርሃን ማንበብ በሚያስፈልግበት ቦታ ጠቃሚዎች ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ የብር ኖት መመርመሪያ ሐምራዊ ባትሪ አለኝ። ዓይን ይጎዳል? ደግሞም አንዳንድ ደህና የሚመስል ኖት ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ያበራል፤ ሐሰተኛ ነው ልበል? (ባለሱቅ፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ በቀጥታ ወደ ዓይን አያብሩት፤ ሱቅ ውስጥ የሚጫወቱ ሕፃናትም እንዳይነኩት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። የሚታየው ሐምራዊ ደብዛዛ ስለሆነ ደካማ ይመስላል እንጂ ዋናው ጨረር ለዓይን አይታይም። ስለ ኖቱ ደግሞ፣ የገንዘብ ወረቀት እንደ ደብተር ወረቀት የሚያነጣ ቅመም ስለማይጨመርበት በባትሪው ሥር ጠቆር ብሎ መታየት አለበት። ነገር ግን ሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስቶ በዱቄት ሳሙና የታጠበ እውነተኛ ኖት ከሳሙናው ቅመም ይዞ ይወጣና ያበራል። ደንበኛዎን ከመክሰስዎ በፊት የውሃ ምልክቱን፣ የብር ክሩንና የኅትመቱን ሻካራነት በጣትዎ ይዩ። ሰው በሌባ ስም እንዲጠራ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የወርቅ ጨው የምንገዛበት አቅም የለንም። በውጫዊ ነገር የሚለወጥ ብርሃንን ለተማሪዎች በምን ላሳያቸው? (መምህር፣ ከሰንዳፋ)

መልስ፦ የሙያ ወንድሜ፣ የወርቅ ጨው ባይኖርህም አትዘን፤ እሱ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ስለሆነ መነጽርና ጓንት በሌለበት ክፍል ባይገባ ይሻላል። ትላልቅ ሱቆች ከሚሸጡት ቶኒክ ከሚባለው መራራ መጠጥ አንድ ጠርሙስ ግዛ። መራራነቱ ከኪኒን ነው። መጋረጃውን ዝጋና የባለሱቁን ዓይነት ባትሪ አብራበት፤ ሰማያዊ ያበራል።

ሁለት ተመሳሳይ የመስታወት ብርጭቆዎች ውሰድ፤ እኩል ቶኒክ ቅዳባቸው። ጋዙ እስኪወጣ አማስላቸው፤ አረፋ ብርሃን ይበትናልና። በአንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ የገበታ ጨው፣ በሌላው አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምርና እስኪሟሟ አማስል። ባለጨው ብርጭቆ ይደበዝዛል፤ የክሎራይድ አዮኑ ከኪኒኑ ጋር ሲጋጭ ኃይሉን ያለ ብርሃን ያስወጣዋል። የስኳሩ እንደ ነበረ ይቆያል። ስኳሩን እንዳትተወው አደራ፤ ያለ እሱ ተማሪው «ማንኛውም ነገር ሲጨመር ይደበዝዛል» ብሎ ይሄዳል።

ከዚያ ሦስተኛ ብርጭቆ አምጣና በቶኒኩ ላይ ወፈር ያለ ሻይ ጠብ ጠብ አድርግበት። እሱም ይደበዝዛል። «ሻይ ውስጥ ጨው አለ ማለት ነው?» ብለህ ጠይቃቸውና ዝም በል፤ መልሱን አትስጣቸው። አንዱ ተማሪ ተነሥቶ የሻዩን ብርጭቆ ከቶኒኩ ፊት ለፊት፣ ሳይቀላቀል፣ በባትሪውና በቶኒኩ መካከል እንዲያስቀምጥ እስኪጠይቅህ ጠብቅ። ሻዩ ሳይነካው በመጋረድ ብቻ ብርሃኑን ሲቀንሰው ሲያዩ የአቃቂው አምራች ደለል ይገባቸዋል።

ጊዜ ከተረፈህ የጎመን ቅጠል በቁስል አልኮል ደቁስ፤ በጥጥ አጥልለው፤ እሳት ከአጠገቡ አርቅ። አረንጓዴው ፈሳሽ በባትሪው ሥር ቀይ ያበራል። ተማሪዎችህ ያዩትን በራሳቸው ቃል ጽፈው ቢልኩልኝ በሚቀጥለው እትም አወጣላቸዋለሁ፤ ሻዩን ማን ቀድሞ እንደ ለየውም ጻፍልኝ።